የአምሳ ብሩ ግንብ

የፋሲልን ግንብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ጎንደር ሄጄ አይደለም። ቱላ ገበያ ላይ ነው ያየሁት፤ ተጨማዶ፣ ቅቤ ቅቤ እየሸተተ፣ ከእናቴ ነጠላ ጫፍ ተፈትቶ።

እናቴ ቆጮ ትሸጥ ነበር። በኮባ የጠቀለለችውን ትደረድርና እኔን ከጎኗ ታስቀምጠኛለች፤ ሳንቲሙን እኔ፣ ድፍን ብሩን እሷ እንይዛለን። በዚያን ጊዜ አምሳ ብር እጃችን የሚገባው ከስንት አንዴ ነው። የገባ ቀን ታዲያ ቶሎ አትቋጥረውም። ወደ ብርሃን ታነሳና ገልብጣ ጀርባውን ታየዋለች። ጀርባው ላይ ያ ግንብ አለ፤ በየማዕዘኑ ድቡልቡል ማማ፣ ከላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመ ጠርዝ።

«ይኼ የማን ቤት ነው?»

«የንጉሥ።»

«ንጉሡ የታለ?»

«ሞቷል። ድሮ ነው የሞተው።»

«ታዲያ ማን ይጠርገዋል?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አስተማሪያችንም ስለ መጥረጊያ አልነገረንም።

በ2006 ዓ.ም. የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ታርሞ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እኔ ራሴ መምህር፣ እሷ ሰባ የተጠጋች ባልቴት ሆነን ነበር። «የትም ልውሰድሽ፣ አንቺ ብቻ ምረጪ» አልኳት። አዲስ አበባ እህቴ ጋ ትላለች ብዬ ነው። ሻሿን አስተካከለችና «ያ ብሩ ላይ ያለው ቤት» አለችኝ።

እኔና እናቴ የምናወራው በሲዳምኛ ነው። እዚህ የማሰፍረው ንግግሯ እኔ ወደ አማርኛ የመለስኩት ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን ገበያ የተማረችው አማርኛ ስለሆነ ከዋጋና ከሰላምታ አልፎ ብዙም አይሄድላትም። ጎንደር ላይ ይኸው ዕውቀቷ ከእኔ የበለጠ እንደሚሠራ ያን ጊዜ አልገመትኩም።

መንገዱን ላሳጥረው። ከቱላ ሀዋሳ በባጃጅ፣ ከሀዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ እህቴ ቤት አድረን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አገር አቋራጭ አውቶቡስ። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ጆሮዋን ያዘች፣ ስንወጣ ለቀቀች፣ ጎጃምን ተኝታ አለፈችው። ጎንደር ስንደርስ መሽቷል፣ ይበርዳል። ክፍላችን እንደገባን ከዘንቢሏ ቆጮና በትንሽ ጣሳ የያዘችውን ቅቤ አወጣች። «ሰው አገር ባዶ እጅ አይመጣም» አለች። ለማን እንዳመጣችው አልጠየቅኳትም።

ጠዋት ትኬት ቆርጠን ወደ ግንቡ ግቢ ስንገባ አንድ ወጣት አስጎብኚ ያዝን። ከእኛ ጋር አብሮ የሚጎበኝ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሰውዬም ነበር። ከየት እንደመጣን ጠየቀን። «ከሀዋሳ፣ ከቱላ» አልኩት። «ሀዋሳማ ሐይቅ ነው፤ ታሪክ እዚህ ነው ያለው» አለኝ፣ በደግነት። ለመመለስ ስዘጋጅ እናቴ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። የተባለውን ሰምታ ይሁን ደረጃውን ፈርታ አላወቅሁም።

አስጎብኚው በቃሉ የያዘውን አወረደው፤ ጥሩ አድርጎ ነው የያዘው። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው አገር ደም ሲቃባ፣ በ1624 ዓ.ም. ለልጃቸው ለፋሲል ዙፋን ለቀቁ። ፋሲል የአገሩን ሃይማኖት መለሱ፣ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ፣ በ1628 ጎንደርን ቆረቆሩ። ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት ለብዙ ዘመን ድንኳናቸውን እየነቀሉ የሚዞሩ ናቸው። በልብነ ድንግል ዘመን ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ ያየው ዋና ከተማ ሜዳ ላይ የተተከለ የድንኳን ባሕር ነበር። ማገዶ ሲያልቅ፣ የአካባቢው ገበሬ የሚቀልበው ሲያጣ ከተማው ይነሳል። ፋሲል ያንን ጉዞ አቆሙ።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። «ደክሟቸው ነው» አለች።

ግቢው ውስጥ አንድ ሳይሆን ብዙ ቤት ነው ያለው። ከፋሲል ግንብ ቀጥሎ የልጃቸው የዮሐንስ፣ ከዚያ የልጅ ልጃቸው የታላቁ ኢያሱ፣ የዳዊት፣ የበካፋ፣ የእቴጌ ምንትዋብ። ነጭ ቱሪስቶቹን ይህ ግራ ያጋባቸዋል፤ አንዷ ሴትዮ ለምን አባቱ ቤት አልገባም እያለች አስጎብኚዋን ስትወተውት ሰማሁ። ለእናቴ ግን ምንም የሚብራራ ነገር አልነበረውም። እኛ ዘንድም ልጅ ሲያገባ ጎጆውን የሚቀልሰው ከአባቱ እንሰት ጓሮ ላይ ነው። የአባቱ ቤት የአባቱ ነው። «ደግ ልጆች ናቸው፣ ከአባታቸው ደጅ አልራቁም» አለች።

የፋሲል ግንብ ከአምሳ ብሩ ይልቅ ጠቆር ያለ ነው። ጥቁር ድንጋይ በኖራ ተያይዞ፣ የበሩና የመስኮቱ ቅስት ደግሞ ቀላ ባለ ድንጋይ ተከቧል። ማን ሠራው በሚለው ላይ ሰዎች ይከራከራሉ፤ ፖርቱጋሎች ይላሉ፣ ህንዶች ይላሉ፣ አስጎብኚያችን «የገዛ አባቶቻችን!» ሲል ድምፁ ከፍ ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ ጥያቄው ራሱ የተበላሸ ነው። ኖራ አቃጥሎ ማቡካትን አንድ የውጭ ግንበኛ ቢያሳይ እንኳ ያንን ሁሉ ድንጋይ ፈልጦ፣ በትከሻው ተሸክሞ፣ ያንን ከፍታ የወጣው የዚያው አገር ሰው ነው። የተሸካሚ ስም ደግሞ በየትኛውም ዜና መዋዕል አይጻፍም።

እናቴ ላይኛውን ፎቅ አላየችም። ጉልበቷ አልፈቀደላትም። ወርጄ ስፈልጋት ከአንዲት መጥረጊያ ከያዘች ሴት ጋር ደረጃው ሥር ተቀምጣለች። ሴትዮዋ ድርቅ ያለ እጅ፣ ቀበቶዋ ላይ የታሰረ የፌስታል ቋጠሮ ያላት፣ የእናቴ ታናሽ ልትሆን የምትችል ናት። በምን ቋንቋ እንደተግባቡ እንጃ። የገበያ አማርኛ በቅቷቸዋል።

«ይኸውልህ» አለችኝ እናቴ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ያቆምነውን ወሬ እንደምትቀጥል ሁሉ፤ «እሷ ናት የምትጠርገው።»

ሴትዮዋ ሳቀች። «ቅጠሉ ነው እማማ የሚያስቸግረኝ» አለች። «ድንጋዩስ ድንጋይ ነው፣ ቅጠሉ ግን በየቀኑ ነው።»

ከዚያ በኋላ ግቢውን የዞርኩት በሌላ ዓይን ነው። አስጎብኚው የኢያሱ ቤተ መንግሥት በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ እንደነበር ሲነግረኝ እኔ የማየው ጣሪያ የሌለውን አዳራሽና ወለሉ ላይ የበቀለውን ሣር ነው። ጣሊያኖች ጎንደርን ይዘው በነበሩበት ጊዜ፣ በኅዳር 1934 ከመማረካቸው በፊት፣ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች እየደበደቡ የጎዱት ነው። ነፃ አውጪ አውሮፕላን መሆኑ ነው። ድርቡሾች በ1880 መጥተው ከተማዋን ማቃጠላቸውን፣ ቤተ ክርስቲያኖቹን ማውደማቸውን አስጎብኚው በዝርዝር ነገረኝ። ከዚያ ወደ በካፋ አዳራሽ ሊወስደኝ ሲዞር አስቆምኩት።

«ቴዎድሮስስ?»

«ቴዎድሮስ ምን?»

«በ1859 ኅዳር ላይ ከተማዋን ዘርፈው አቃጥለው የለ?»

ትንሽ ዝም አለ። «አዎ። ግን ቴዎድሮስ የኛ ናቸው» አለኝ።

ይህን መልስ ወድጄለታለሁ፤ ከመጽሐፍ ያልተቀዳ ነው። ግን አልለቀቀኝም። እንግሊዞች በሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ በዝሆንና በበቅሎ ጭነው የወሰዱትን ብራናና ታቦት ስናነሳ ቁጣችን ትክክል ነው፣ ይመለስ ማለታችንም ትክክል ነው። ከእነዚያ ብራናዎች ብዙዎቹ ግን ወደ መቅደላ የወጡት ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ተሰብስበው ነው። ሎንደን ያለው መጽሐፍ መጀመሪያ ከመደርደሪያው የወረደው በአገሩ ሰው እጅ ነው። እኛ ታሪኩን የምንጀምረው ከሁለተኛው ዘረፋ ነው። ያ ወጣት ይህንን አጥቶት አይመስለኝም፤ በቀን ሦስት ጊዜ ለእንግዳ ሲነገር የማይመች ሆኖበት ነው። እኔም ክፍል ውስጥ የምዘላቸው ገጾች አሉ።

አብሮን የነበረው ሰውዬ ያለኝን ሳብሰለስል ነው የዋልኩት። «ታሪክ እዚህ ነው ያለው።» ፋሲል ይህን ሲገነቡ የእኛ ቅድመ አያቶች ስማቸውን የሰሙ አይመስለኝም፤ እሳቸውም የእኛን። ሲዳማ ከዚህ መንግሥት ጋር የተገናኘው በምኒልክ ጦር ነው፣ አገናኙም የሠርግ አልነበረም። ታዲያ ግንቡ የኔ ነው? ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምር «ታሪካችን» እላለሁ፣ አፌ አይያዝም፤ እዚህ ድንጋዩን ስነካው ግን ቃሉ ትንሽ ያዝ አደረገኝ። ማታ ይህን ለእናቴ ሳወራላት ገርሟት አየችኝ። ሠላሳ ዓመት በእጇ ያለፈውን ብር አስባ ይመስለኛል፣ «በቆጮ ያገኘሁትን ቤት ማን የኔ አይደለም ይለኛል?» አለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት ወደ ፋሲል መዋኛ ሄድን። ጥምቀት ካለፈ ሳምንታት ሆኖታል፣ ውሃው ተለቅቋል። ሰፊ የድንጋይ ጉድጓድ፣ መሀሉ ላይ በቅስት ድልድይ የሚደረስበት ትንሽ ግንብ፣ ዳር ዳሩን ዛፎች። የዛፎቹ ሥር ከአፈር ወጥቶ በድንጋይ አጥሩ ላይ እንደ ቀለጠ ሰም ፈሷል፤ በየድንጋዩ መጋጠሚያ ጣቱን አስገብቶ ያዘዋል። ድንጋዩን ሥሩ እያፈረሰው ነው ወይስ ሥሩ ይዞት ነው የቆመው? ቀረብ ብዬ ብዙ አየሁ፣ መለየት አልቻልኩም።

እናቴ ጉድጓዱን አይታ ቅር አላት። «ውሃው የታለ?»

ጥበቃው ሽማግሌ ነው፣ በትሩን ተደግፎ አስረዳን። ውሃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ይገባል፣ ለመሙላት ቀናት ይፈጃል። ጥምቀት ሲቃረብ ወጣቶች ይወርዱና ቆሻሻውን ያወጣሉ፣ ይጠርጋሉ። ከዚያ ይሞላል፣ በከተራ ታቦታቱ ይወርዳሉ፣ ሌሊቱን እዚያው ያድራሉ፣ ጠዋት ውሃው ይባረካል፣ ጎረምሳው ከነልብሱ ይዘላል። «ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ባዶ ነው እናቴ» አላት። «ለአንድ ቀን ነው።»

ያመለጣትን ተረጎምኩላት። ረጅም ጊዜ ጉድጓዱን ስታይ ቆየች።

«ሁሉቃ ነው» አለችኝ።

ሁሉቃ ለማያውቅ ሰው፦ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ነው። ቀኑ በየዓመቱ አንድ አይደለም፤ አያንቱዎች ማታ ማታ ጨረቃና ከዋክብትን ተከትለው ይቆጥሩና ያውጃሉ። በፍቼ ምሽት ከእርጥብ እንጨት አጎንብሰው የሚያልፉበት ትንሽ በር ይሠራል። ቤተሰቡ በእሱ አልፎ፣ ከብቱም አልፎ፣ አሮጌው ዓመት ከኋላ ይቀራል። ከዚያ ሻፌታ የሚባለው የሸክላ ገበታ ቀርቦ ቡርሳሜ፣ በቅቤ የተለወሰ ቆጮ፣ ይበላል። ያ በር ሁሉቃ ይባላል። ቅጠሉ ደርቆ ይረግፋል፣ እንጨቱ ማገዶ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይሠራል። አንድም ሁሉቃ አርጅቶ አያውቅም።

እናቴ ሁሉቃ ካለፈች ብዙ ዓመቷ ነው። ጴንጤ ከሆነች ወዲህ ትታዋለች። በቤታችን ይህ ወሬ አይነሳም ነበር፤ ሲነሳም «የድሮ ነው» ብላ ታልፈዋለች። ያን ቀን ግን ከባዶው መዋኛ ዳር፣ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ በልጅነቷ አባቷ ሁሉቃውን እንዴት አድርጎ እንደሚያጎብጠው፣ ላሟ አላልፍ ብላ እንዴት እንዳስቸገረች፣ ከእሷ በፊት ማን እንዳለፈ ነገረችኝ። አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ ያልሰማሁትን ወሬ ለመስማት ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረብኝ። ፍቼ ጨምበላላ በኅዳር 2008 በዩኔስኮ ሲመዘገብ፣ እኛ ከጎንደር ከተመለስን ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ ሬዲዮው ደጋግሞ ሲያወራ እሷ ድንች ትልጥ ነበር። «ውሃ ሞሉበት?» ብላ ጠየቀችኝ። የገባኝ ቆይቶ ነው።

በነጋታው ቁስቋም ወጣን። ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ከከተማው ወጣ ብሎ ተራራ ሥር ነው። እቴጌ ምንትዋብ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በስም እየነገሠ እሳቸው አገር ሲያስተዳድሩ ያሠሩት ነው፤ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ያረፈው በዚሁ በእቴጌይቱ ግቢ ነው። ዛሬ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ብቻ ነው። የሰው ልጅ የለም፣ ንፋስ ይነፋል፣ ግድግዳው ላይ የተቀረጹ መስቀሎች አሉ። ከግቢው ሁሉ የወደድኩት ይኼንን ነበር፤ የሚሸጥ የለ፣ የሚያብራራ የለ።

ቁልፍ የያዙት አባት ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል አስገቡን። መስታወት ክዳን ያለው ሣጥን አለ። ውስጡ አጥንት ነው። የምንትዋብ፣ የልጃቸው የኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ ነው አሉን አባ።

እናቴ ጎንበስ ብላ አየች። «ማነው ቀድሞ የሞተው?»

አባን ጠየቅኳቸው። ልጁ በ1747፣ የልጅ ልጁ በ1761 በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ፣ እሳቸው ራሳቸው በ1765።

«እሷ ናት የቀበረቻቸው ማለት ነው።»

«አዎ።»

ከዚያ ወዲያ ምንም አልተናገረችም። እኔ ታላቅ ወንድም ነበረኝ። ከሣጥኑ ቀና ስትል ነጠላዋን አወረደችና መስታወቱ ላይ የነበረውን አቧራ በጫፉ ጠረገችው፤ ገበያ ብር የምትቋጥርበት ጫፍ ነው። አባ አልከለከሏትም። ስንወጣ ከዘንቢሏ አንድ ጥቅልል ቆጮ አውጥታ ሰጠቻቸው። ግራ ገባቸው፤ ምን እንደሆነ ነገርኳቸው፣ በጾም ቅቤው ሳይነካው እንደሚበላም ጨመርኩ። ተቀበሏት፤ መረቋት። ቆጮው ለማን እንደመጣ ያኔ ታወቀ።

ከቁስቋም መልስ ወለቃ ወረድን። ከጎንደር በስተሰሜን በደባርቅ መንገድ ላይ ያለች መንደር ናት። ቤተ እስራኤሎች ይኖሩባት ነበር፤ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ የቀረው ምኩራቡና ከመንገድ ዳር የሸክላ ሥራ የሚሸጡ ሴቶች ናቸው። ጥቁር ሸክላ፤ አንበሳ፣ ወፍ፣ አልጋ ላይ የተኙ ባልና ሚስት፣ ከጀበና የማይበልጥ ቤት። ቤተ እስራኤሎች በጎንደር ዘመን በግንበኝነት፣ በአናጢነት፣ በብረት ቀጥቃጭነት ይታወቁ ነበር። ማለትም ከሰሞኑ ስናያቸው የሰነበትናቸው ግድግዳዎች ላይ እጃቸው አለ። በዚያው እጃቸው የተነሳ «ቡዳ» ተብለዋል፤ መሬት የማይወርሱበት ጊዜ ነበር።

ይህን ለእናቴ ስነግራት «ማን ብሎ?» አለች፣ ቆጣ ብላ። «ቤት የሠራላቸውን ሰው?»

ያኔ ዝም ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። «እኛስ ሀዲቾን?» አልኳት።

ሀዲቾ ሲዳማ ውስጥ ሸክላ የሚሠሩት ናቸው። ቤታችን ያለው ማድጋ፣ ሻፌታው፣ ቅቤ የሚነጠርበት፣ ሁሉም የእነሱ ሥራ ነው። እናቴ ከአንዲት ሀዲቾ ሴት ጎን ለጎን ገበያ ተቀምጣ ዓመታት ሸጣለች፤ ያቺ ሴት ግን ቤታችን ገብታ ስትበላ አይቼ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ ለምን ብዬ ጠይቄ የተሰጠኝ መልስ ቁጣ ነበር።

ወለቃ ላይ አልተቆጣችም። ከሻጯ እጅ አንዱን የሸክላ ወፍ አነሳች፣ ገልብጣ ሥሩን አየች፣ ጣቷን አርጥባ አፈሩን አሻሸች። ዋጋ ጠየቀች። እድሜዋን በሙሉ ዋጋ ያልተከራከረችበት ዕቃ ካለ ያ ወፍ ነው።

ሦስተኛው ቀን ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ነበር። ብዙ የተባለለት ስለሆነ ብዙ አልልም። ታላቁ ኢያሱ ያሠሩት የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ክብ ነበር፣ መብረቅ አቃጠለው፤ አሁን ያለው አራት ማዕዘኑ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። አጥሩ ላይ ያሉት ድቡልቡል ማማዎች 12 ናቸው፣ በሐዋርያት ቁጥር። ድርቡሾች መጥተው ሌሎቹን ሲያቃጥሉ ይህችን ያተረፈቻት የንብ መንጋ ናት ይባላል። እናቴ ንብ ስለምታውቅ ይህንን ታሪክ ለማመን አልተቸገረችም። «ንብ ቤቱን አይሰጥም» አለች።

በር ላይ ኮንጎ ጫማዋን ስታወልቅ ትንሽ አመነታች። የእሷ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የለውም፤ ግድግዳው ላይ ጥቅስና የግድግዳ ሰዓት ብቻ ነው ያለው። ደግሞ መግቢያችን ተለያየ፤ ወንድ በዚህ፣ ሴት በዚያ። ውስጥ ስንገናኝ አንገቷ ወደ ኋላ ተቀልብሷል።

ጣሪያው መላእክት ነው። ክንፍ ያላቸው ፊቶች ብቻ፣ አካል የላቸውም፣ በረድፍ በረድፍ ጣውላው ሙሉ። ስንት እንደሆኑ የሚናገር ሁሉ የየራሱን ቁጥር ይናገራል። ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ትንሽ ቆይተው ሲያዩ ግን አንዱ ቅንድቡን ቋጥሯል፣ ሌላው ወደ ጎን ያያል፣ አንዱ ሊስቅ ምንም አልቀረው። ወደ በሩ አካባቢ ያሉት ጭስና እርጥበት በልቷቸው ደብዝዘዋል። ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል።

«እኔን ነው የሚያዩት» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ሁሉንም ነው የሚያዩት፣ አማ።»

«አይደለም። አንተ ወደዚያ ቁም።»

ቆምኩ። ጣሪያውን ደግማ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ምንም አላለችም። ስንወጣ ቄሱን «ጣሪያውን ማን ይጠርገዋል?» ብላ ራሷ በአማርኛ ጠየቀቻቸው። ቄሱ ጥያቄው አልገባቸው ይሁን አስቸግሯቸው እንጃ፣ «እግዚአብሔር» አሉ። እናቴ ይህንን መልስ አልወደደችውም። ባጃጅ ውስጥ ሆና፣ «መሰላል ያስፈልገዋል» አለች።

መስከረም 2013 ላይ ብሩ ተቀየረ። ሰው ሁሉ ፍራሽ ሥር፣ ማሰሮ ውስጥ የደበቀውን እያወጣ ባንክ ተሰለፈ። የእናቴንም እኔ ወስጄ ቀየርኩላት፤ ቆጥራ አስረክባኝ፣ ቆጥራ ተረከበችኝ። ቀኑ ካለፈ ከወራት በኋላ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አንዲት አሮጌ አምሳ ብር አገኘሁ። ሸክላው ወፍ ካለበት መደርደሪያ ላይ ነው መጽሐፉ የሚቀመጠው።

«አማ፣ ይቺ እኮ ቀረች። አሁን አትሠራም።»

«እንዴት አትሠራም?»

«ጊዜዋ አለፈ። ባንክ አይቀበልም።»

ተቀብላኝ ገለበጠችው። ጀርባውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው፣ እንደ ገበያው ጊዜ።

«ቤቱ ቆሟል አይደል?»

«ቆሟል።»

አጠፈችውና መጽሐፉ ውስጥ መለሰችው። ከዚያ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ፣ ባንክ ከመሄዴ በፊት መጽሐፉን ማየት እንደነበረብኝ፣ አምሳ ብር አምሳ ብር እንደሆነ እየነገረችኝ ወደ ጓሮ ወጣች።